አሮጌ ማርቼዲስ ይዞ ሀረጎን መውጣትና መውረድ

ደሴ ውስጥ አሮጌ ትልቅ ማርቼዲስ ይዛችሁ ስትቆሙ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። «በሊትር ስንት ይሄዳል?» እና «ዕቃውን ከየት ታገኛለህ?» ፒያሳ ላይ መኪና የሚጠብቀው ልጅም፣ ሰርግ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ለሁለቱም መልስ አለኝ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ያለችኝን ብር መጀመሪያ ምን ላይ፣ ቀጥሎ ምን ላይ እንደማውላት መለየቴ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን የወሰነልኝ መንገዱ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው የኔን ቅደም ተከተል ቢገለብጠው አልቀየመውም።

መኪናዬ 300 ኤስ ኢ ነው። ይህ ቅርጽ በፋብሪካው አጠራር ደብልዩ 126 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ወጥቶ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተመርቷል። የኔው ሦስት ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። በዘመኑ ባለሥልጣንና አምባሳደር ከኋላ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ደግሞ ጤፍ እጭንበታለሁ።

ለምን ገዛኸው ለሚለኝ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ዋጋው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለች ተንቀሳቃሽ ቶዮታ ሁሉ ዋጋዋ አይቀመስም። ትልልቆቹ አሮጌ የጀርመን መኪኖች ግን ሰው ስለሚፈራቸው አብረው አልጋሸቡም። አንዷ አሮጌ ኮሮላ በምትሸጥበት ብር አንድ ማርቼዲስ ገዝታችሁ ለጥገና የሚሆን ይተርፋችኋል። የተረፈውን ብር ግን እንዳትነኩት። እሱ የመኪናው ዋጋ ግማሽ ነው ብላችሁ አስቡት። እዚያው መኪናው ላይ መግባቱ አይቀርም።

አሮጌ ትልቅ መኪና ሲባል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ያው ቅርጽ ሆኖ ስምንት ሲሊንደር ያለው አለ። ድምፁ ያማልላል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣም ዳገት መኖሩን አያውቅም። ግን ቤንዚኑ ይቅርና ሞተሩ አካባቢ አንድ ነገር ለመፍታት ሦስት ነገር መፍታት ነው። የኋላ እግሩ በዘይት ግፊት ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግም አለ። ይህ ሲሠራ ድንቅ ነው፤ ሲበላሽ መኪናው ኋላው ተዘፍዝፎ ይቀራል፣ ዕቃውም ውድ ነው። ባጀታችሁ እንደኔ ከሆነ ስድስት ሲሊንደሩንና ተራ ሞላ ያለውን ፈልጉ። ውጭውና ውስጡ ያው ነው፤ ያው ወንበር፣ ያው ጸጥታ። ሞተሩም በጊዜው ትንንሾቹ ማርቼዲሶች ላይ የተገጠመው ቤተሰብ ስለሆነ ዕቃው ይገኛል።

አሁን ወደ መንገዱ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ አለ፤ ሀረጎ። መታጠፊያው ይበዛል፣ ከፊት ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ ክረምት ሲሆን ጉም መንገዱን ይውጠዋል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ስትወጡ ሞተሩን፣ ስትወርዱ ፍሬኑን ይፈትነዋል። ስለዚህ የኔ ብር መጀመሪያ የገባው ማቀዝቀዣውና ፍሬኑ ላይ ነው። ቀለሙ፣ ወንበሩ፣ ሬዲዮው ዓመት ቆየ። ለነገሩ ቀለሙ አሁንም እየቆየ ነው።

ከማቀዝቀዣው ልጀምር። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ 85፣ 90 ላይ ይሠራል። ልዩነቱን አያችሁት? ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የማቀዝቀዣ ውሃ መሙያው ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 140 ወይም 120 የሚል ቁጥር አለ። 140 ማለት 1.4 ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ጤነኛ ሲሆን ውሃው ደሴም ላይ ከ120 ዲግሪ በፊት አይፈላም። የክዳኑ የውስጥ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ክዳኑ ጌጥ ነው። ሀረጎ አናት ላይ ኮፈን ከፍተው ጀሪካን ይዘው የሚቆሙ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ይህች ክዳን ነች። ከመለዋወጫው ሁሉ ርካሿ እሷ ናት፤ መኪናውን በገዛሁበት ሳምንት ነው የቀየርኳት።

ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር የተለመደ ነገር አለና። መኪና ሞቀ ሲባል ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ውሃው እንደልቡ ይዙር» ይላሉ። አንዳንድ መኪና ላይ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል። የማርቼዲሱ ቴርሞስታት ግን ሁለት በር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይዘጋና ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዲዞር ሌላኛውን ይከፍታል። ሲሞቅ ደግሞ የራዲያተሩን ከፍቶ ያኛውን ይዘጋል። አውጥታችሁ ከጣላችሁት ሁለቱም በር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚን ይበላል። ዳገት ላይ ደግሞ ይሞቃል።

የኔውም ቴርሞስታቱ ወጥቶ ነበር የተሸጠልኝ። ያወቁልኝ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሞተሩን አስነስተው ትንሽ ካቆዩት በኋላ የላይኛውንና የታችኛውን የራዲያተር ጎማ በእጃቸው ጨበጡ።

«ገና ሳይሞቅ ሁለቱም እኩል ለብ ብሏል» አሉኝ። «ይኼ በር የለውም ልጄ። ማን አወጣው?»

«ሳልገዛው በፊት ነው አባባ። የሸጡልኝ ሰዎችም አላነሱት።»

«አያነሱትማ! ኦሪጅናሉን ፈልገህ አምጣ። እስክታመጣ ደሴ በሚኒባስ ውጣ።»

በሚኒባስ ወጣሁ። ጤነኛ ቴርሞስታት ሲኖር ላይኛው ጎማ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት በድንገት ይሞቃል። ይህን ማንም በእጁ ሊያየው ይችላል፤ ማሽን አይፈልግም። ብቻ ፋኑ አጠገብ እጅጌያችሁን ሰብስቡ።

ፋኑም የራሱ ፈተና አለው። የዚህ መኪና ፋን በሞተሩ ኃይል ይዞራል፤ መሃሉ ላይ ዘይት ያለበት፣ ሲሞቅ የሚይዝ ክላች አለው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ካጠፋችሁት በኋላ ፋኑን በእጅ ግፉት። ተቋቁሟችሁ መቆም አለበት። እንደ ልጅ መጫወቻ ወፍጮ ከተሽከረከረ ክላቹ ሞቷል። ራዲያተሩ ደግሞ ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ ነው። ጎማው የሚገባበት የፕላስቲክ አንገት በዕድሜ ብዛት ይደርቅና አንድ ቀን ጎማውን እንደያዘ ይቆረጣል። ማሰሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ያባብሰዋል። አንገቱ ቡናማ ሆኖ የብስኩት መልክ ካመጣ አትጠብቁት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ውሃ ብቻ አትሙሉበት። የሞተሩ ቴስታ፣ ማለትም ላይኛው ክፍሉ፣ አልሙኒየም፣ ታችኛው ብረት ነው። ተራ ውሃ ሁለቱን ያዝጋቸዋል። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ለአልሙኒየም ሞተር የሚሆን አንቲፍሪዝ አድርጉ። ደሴ ላይ ብርዱ ሞተር አይሰነጥቅም ብሎ አንቲፍሪዝን የሚንቅ አለ። ጥቅሙ ዝገት መከላከሉና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረጉ ነው፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ። ይህን ሁሉ ችላ ብላችሁ ቴስታው ከተጣመመ የምትከፍሉት የጓርኒሲዮን፣ የቶርኖ ቤትና የጉልበት ተደምሮ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አሥር ጊዜ ይገዛል።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ሀረጎን ስትወርዱ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ሸራው ሳይሆን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዓመታት የቆየ ዘይት ውስጥ ውሃ አለ። ፍሬኑ ደጋግሞ ሲጋል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለውን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ። «ጎድሎ ነበር፣ ሞልቼዋለሁ» የሚላችሁን አትስሙ፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ከአራቱም ጎማ ንጹህ ሆኖ እስኪፈስ ነው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት አጫጭር የላስቲክ ቱቦዎችም ከውስጥ ያብጣሉ። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ወይም ፍሬን ከለቀቃችሁ በኋላ አንዱ ጎማ ይዞ ከቀረ፣ ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦዎቹን አስቀይሩ። ሌላም አለ። ፍሬኑን የሚያቀልላችሁ ቫኩም፣ ማለትም የአየር መሳብ ኃይል፣ ከሞተሩ ይመጣል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቫኩሙም ይቀንሳል። ፔዳሉ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ትንሽ ቢጠነክርባችሁ አትደንግጡ።

ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። የካምቢዮው ዱላ ላይ ከዲ በታች 3 እና 2 አሉ። እኔ ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር 3 ላይ አደርገዋለሁ፤ ክፉኛ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ላይ 2። ሞተሩ ትንሽ ይጮሃል፤ ይጩህ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሰው አውቃለሁ። ለሕይወቱ ከመሥጋቴ ሌላ ቤንዚኑንም አያተርፍም። ይህ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱና ቁልቁለቱ ሲገፋው ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። ማርሽ ካወጣችሁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። በማርሽ የሚወርደው ነው የሚቆጥበው።

ካምቢዮውን በተመለከተ አዲስ ገዢን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ዲ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ስትነሱ መኪናው የሚነሳው በሁለተኛ ማርሽ ነው። አሠራሩ ነው እንጂ አልተበላሸም። ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡ አንደኛን ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ከፍታውን ጨምሩበት። ከፋብሪካ ሲወጣ 188 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ደሴ ላይ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሸዋ በር አካባቢ ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ ቢያቃስት «ካምቢዮው አለቀ» ብሎ የሚያስፈራራችሁ አይጠፋም። ዘይቱን ቀይሩለት እንጂ። የዚህ ካምቢዮ ደግነቱ ከታች ካለው ሳሕን ሌላ ቶርክ ኮንቨርተሩ ላይም የራሱ መክፈቻ ቡሎን አለው። ብዙ መካኒክ የሳሕኑን ብቻ ከፍቶ ግማሹን አሮጌ ዘይት እዚያው ይተወዋል። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ቡሎኑ እስኪታይ መጠበቅ ነው። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ዘይቱ የሚለካው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ፒ ላይ ሆኖ ነው።

አሁን ስለ ግምት ልናገር፤ አሮጌ መኪና ላይ ብር የሚያልቀው በግምት ነውና። አንድ ጊዜ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር፣ መብራትም በራ። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ ስለነበር አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ቤንዚን የሚያከፋፍለው ትልቁ ዕቃ ተበላሽቷል፣ ይቀየር አሉኝ። የነገሩኝ ዋጋ እጄን በአፌ ያስጭናል። መኪናውን ይዤ ወጣሁ።

ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቀን መምጣታቸው ነው ያጠራጠረኝ። ኤቢኤስና ቤንዚን ምን ያገናኛቸዋል? የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፤ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክን የሚከላከል ሬሌ። የክብሪት ቀፎ የሚያክል የአልሙኒየም ሳጥን ነው፤ አናቱ ላይ ባለ 10 አምፔር ቀይ ፊውዝ ይሰካል። ለኤቢኤሱም ለቤንዚን መቆጣጠሪያውም ኮረንቲ የሚሄደው በሱ በኩል ነው። ፊውዙ ደህና ነበር። ሳጥኑን ደሴ አምጥቼ ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ልጅ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ ሽፋኑን በቢላ ጫፍ ገልብጦ አወጣው። በማጉያ መነጽር ሲያይ አንዱ የብየዳ ነጥብ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ክብ ስንጥቅ ነበር። ቆርቆሮ አቅልጦ ደፈነው። ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሠራው፤ ሞተሩም ጸጥ አለ፣ መብራቱም ጠፋ። በኋላ አዲስ ሬሌ ገዝቼ አሮጌውን መጠባበቂያ አድርጌ ይዤዋለሁ። መብራቱና መዋዠቁ አብረው ከመጡባችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ከሱ በፊት ደግሞ ፊውዞቹን ነካ ነካ አድርጉ። የዚህ ዘመን ማርቼዲስ ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ሳይቃጠልም ጫፉ ኦክሳይድ ያወጣና አያስተላልፍም። ቁልፉ ተዘግቶ እያለ እያንዳንዱን በጣት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽከርከር ብቻ ስንቱን «የኤሌክትሪክ ችግር» ይፈታል። አልሙኒየሞቹን በመዳብ ከቀየራችሁ የበለጠ ነው፤ ዋጋቸው ምንም አይደለም።

ካንዴላም እንዲሁ። ሱቅ ውስጥ ውዱን ባለ ኢሪዲየም ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ። ይህ ሞተር የሚወደው ተራውን የመዳብ ካንዴላ ነው። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት፤ ደሴ ላይ ጥቀርሻ ለብሶ ከተገኘ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። የቤንዚን መርጫው በአብዛኛው ሜካኒካል ስለሆነ ከፍታ ሲጨምር ቅልቅሉ ይወፍራል። በ3 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ በጣም በትንሹ ይስተካከላል። ግን መለኪያ የሌለው ሰው እንዳይነካው። ጆሮውን አምኖ የሚያዞር መካኒክ ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

ዕቃ ከየት ታገኛለህ ላላችሁኝ። አብዛኛውን ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ግን ሱቅ ሄዶ «የማርቼዲስ ቴስቲና አለ?» ማለት ለመታለል መመቻቸት ነው። ማርቼዲስ ዕቃውን ሁሉ በቁጥር ነው የሚያውቀው። ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው የየትኛው መኪና ወይም ሞተር እንደሆነ ይናገራሉ። የኔ አካል በ126 ይጀምራል፣ ሞተሩ በ103። የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን ብቻ ንገሩ። አሮጌው ዕቃ ላይ የተጻፈውንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ አዛለሁ፣ በአውቶብስ ይላክልኛል፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ።

103 የሚለው ሞተር ደብልዩ 124 የሚባለው ትንሹ 300 ኢ ላይም ስላለ ሻጩ «የትልቁ የለኝም» ሲላችሁ የትንሹን ጠይቁ። ኮከብ ያለበትን ካርቶን መግዛትም ግዴታ አይደለም። ብዙ ዕቃ ለማርቼዲስ የሚሠሩለት እነ ቦሽ፣ ሌምፎርደር፣ ሳክስ፣ ቤር ናቸው፤ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጥ ይረክሳል። ካርቶኑ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጎማውን አሽትቱት፣ ሕትመቱን እዩ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ትንንሽና ቀላል ነገር አስመጡበት፤ ሬሌ፣ ቴርሞስታት፣ የቫኩም ጎማ። ራዲያተር ይዞ እንዲመጣ ግን አትጠይቁት፤ ዘመድ ታጣላችሁ።

መሪና እግር አካባቢ የምከተለው አንድ ነገር ነው፤ የጎማ ቡሽ የሆነውን ነገር ቀድሜ እቀይራለሁ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ከፊትና ከኋላ ወፍራም የጎማ ዲስክ አለው። ሲሰነጠቅ ዲ ስታስገቡ ከታች ዷ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶ ካምቢዮ ይፈታል። ከታች ተኝቶ በባትሪ ማየት ይበቃል። የመሪው ረዳት ክንድ ቡሽም ርካሽ ናት፤ ስትቀየር ግን መኪናው ሌላ ይሆናል።

የምተወውም አለ። ኤሲ አላሠራሁም። ደሴ ላይ ኤሲ ለማን? ኮምቦልቻ ሚያዝያ ላይ ይሞቃል፤ መስኮት እከፍታለሁ። በሮቹን አንድ ላይ የሚቆልፈው ቫኩም ከአራቱ በአንዱ አይሠራም፣ በቁልፍ እዘጋዋለሁ። የጣሪያው መስኮት እንደተዘጋ ይኑር ብዬ ትቼዋለሁ። ማሞቂያውን ግን አልተውኩም። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ይለብሳል፤ ማድረቂያው ያ ማሞቂያ ነው። ሙቅ ውሃውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ውስጡ ስስ ጎማ አለው። ሲቀደድ ወይ ሁልጊዜ ትጋላላችሁ ወይ ሁልጊዜ ትበርዳላችሁ። የዝናብ መጥረጊያውም እንዲሁ፤ ሐምሌ ሳይገባ ጎማው ይቀየር።

ቤንዚኑ? በሊትር ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር። መንገዱ ሜዳ ከሆነ ወደ ስምንቱ፣ ዳገትና ከተማ ከሆነ ወደ ስድስቱ ይጠጋል። ይህን መስማት የሚያስከፋው ሰው ባይገዛው ይሻላል። እኔ በየቀኑ አልነዳውም። በአዘቦቱ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ማርቼዲሱ ቤተሰብ ሲኖር፣ ዕቃ ሲኖር፣ ወደ ሐይቅ ሲኬድ፣ አዲስ አበባ ሲታሰብ ነው የሚወጣው። በየቀኑ መነሳት ያለበት መኪና ከፈለጋችሁ፣ እንጀራችሁም በሱ ላይ ከሆነ፣ ይህ ዓይነት መኪና ብቸኛ መኪናችሁ ባይሆን እመክራለሁ። ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ይኖራል።

ለጥገናው የተለየ እቁብ አለኝ። መሥሪያ ቤት ያሉ ጓደኞቼ «የማርቼዲስ እቁብ» ይሉታል። በየወሩ የምጥለው ብር ሳይሰማኝ ይሄዳል። እጣው ሲወጣ ትልቁን ሥራ አሠራበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ራዲያተርና ፋን፣ አንድ ጊዜ ፍሬን ከነቱቦው፣ አንድ ጊዜ አራት ጎማ። ጎማው 205/65፣ 15 ኢንች ነው፤ ብዙ ሌላ መኪናም የሚያደርገው ልክ ስለሆነ ደሴም ኮምቦልቻም ይገኛል። ባትሪና ዘይት ከደመወዝ ይወጣል። ብሩ ባንክ ቢቀመጥ ኖሮ ለሌላ ነገር ይወጣ እንደነበር አውቃለሁ። እቁብ ደግሞ ሰው ይታዘበኛል ብላችሁ ትጥላላችሁ።

ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሳ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ካለ ሌላ ቀን እንመለስ በሉ። ቀዝቃዛውን ሞተር ስታስነሱ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎች ናቸው። ይህ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም። ነጭ ጭስ ካላቆመና ውሃው ውስጥ ዘይት ካለ ግን ቴስታው ነው። የዘይት ግፊት መለኪያውን እዩ። እየነዳችሁ 3 ላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ይወርዳል፤ ዜሮ ላይ ግን አይተኛም። ከቻላችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ራሳችሁ ንዱት፤ ዓይናችሁ ሙቀቱ ላይ ይሁን። ሀረጎን ወጥቶ ከ100 ያላለፈ መኪና ብዙ ጥያቄ መልሶላችኋል።

አካባቢያችን ውስጥ ከ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆመው የከረሙ መኪኖች አሉ። ኪሎ ሜትራቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ያጓጓሉ። ቆሞ የከረመ መኪና ግን ፍሬኑ ይዝጋል፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ አይጥ ሽቦ ይበላል። ታንከሩን አስወርዳችሁ ሳታሳጥቡ፣ የቤንዚን ፊልትሮውንም ሳትቀይሩ አታስነሱት። ያንን ሙጫ መርጫው ውስጥ ካስገባችሁት እኔ አዲስ አበባ ላይ የሸሸሁትን ሒሳብ እናንተ ትከፍሉታላችሁ።

ምንጣፉን አንሱ። ከሥሩ እርጥበት ካለ የመስታወት ጎማው ያፈሳል ወይም ወለሉ በስብሷል። የኋላ መስታወት ሥርና ባትሪው የሚቀመጥበትንም እዩ። ላሜራ ሥራ ከሞተር ሥራ ይበልጥ ብር ይበላል፤ ደግሞ መጨረሻው አይታወቅም።

መጨረሻ ላይ ሊብሬውን ተቀብላችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ራሳችሁ አንብቡ። በነዚህ መኪኖች ላይ በየዘመኑ ሌላ ሞተር የገጠመ ሰው አይጠፋም። የሞተር ቅያሬው ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ሲዞርም ቦሎ ሲታደስም ጣጣው የናንተ ይሆናል። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ሰው አለኝ፣ ይስተካከላል» ካለ፣ ያስተካክለውና እሱ ይደውልላችሁ። ቁጥሩ ሳይገጥም ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ቀብድ አትስጡ።